በሌላ ሰው ዕቃ መታሰር

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሕንድ ውስጥ 30 ኪሎ ጋንጃ ጭኖ ተያዘ እንበል። ዕፁ የማን ነው ሲባል የአንድ ሰው ስም ይጠራል። የዚያ ሰው ቤት ይበረበራል፤ ምንም አይገኝም። ሆኖም ይታሰራል፤ በዋስ የመውጣት ዕድሉም ከሹፌሩ ብዙ ላይሻል ይችላል።

ነገሩ የሚመነጨው በ1985 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ነው። አንቀጽ 29 ያሴረውንም የረዳውንም ከዋናው አድራጊ ጋር ያስተካክላል። በ1989 የጠበቀው አንቀጽ 37 ደግሞ ዕፁ «የንግድ መጠን» ካለፈ፣ ማለትም ጋንጃ ከ20 ኪሎ፣ ሄሮይን ከ250 ግራም ከበለጠ፣ ዳኛው ተከሳሹ ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካላገኘና ቢወጣም ወንጀል እንደማይፈጽም ካላመነ በቀር ዋስትና ይከለክላል። ምስክር ገና ሳይሰማ!

የቦሊውዱ ተዋናይ የሻሩክ ካን ልጅ በ2021 በሙምባይ ከአንድ የመርከብ ጉዞ ጋር በተያያዘ ሲያዝ ኪሱ ባዶ ነበር። በጓደኛው ጫማ ውስጥ ግን 6 ግራም ሐሺሽ ተገኘ ተባለ። ያቺ 6 ግራም ብቻዋን እዚህ ግባ የምትባል አልነበረችም፤ ክብደት የሰጣት ከሌሎቹ ተከሳሾች ጋር የታሰረበት የሴራ ክር ነው። ልዩ ፍርድ ቤቱ ዋስትና ከለከለው። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በአንድ መርከብ መሳፈር ብቻውን ሴራ አይሆንም ብሎ ለቀቀው፤ በ2022 ክሱም ቀረለት።

ስመ ጥር አባት የሌለው ተከሳሽ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ቀድሞ የተያዘው ከሰጠው ቃል ጋር ነው። በ2020 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመርማሪዎች የተሰጠ የእምነት ቃል ማስረጃ እንደማይሆን በሁለት ለአንድ ድምፅ ወሰነ። ስለዚህ ዐቃብያነ ሕግ ወደ ስልክ ጥሪና ወደ ባንክ ዝውውር ዞሩ። በ2022 ያው ፍርድ ቤት ዕፅ እጁ ላይ አለመገኘቱ ብቻ አያስለቅቅም በማለት አንድ ተከሳሽ ያገኘውን ዋስትና ሰረዘ። በዓመቱ ደግሞ፣ በሌሎች ቃል ስሙ ተጠርቶ ከሰባት ዓመት በላይ የታሰረን ሰው በዋስ ፈታ፤ 34 ምስክሮች ገና አልተሰሙም ነበር።