የነፋስ ዐይን
የአንድ የኖርዌይ ቃል ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ እስቲ ቀና ብለው የቤትዎን መስኮት ይመልከቱት። ምንድን ነው ቢባሉ «ብርሃን ማስገቢያ» ይሉ ይሆናል። የጥንት የኖርዌይ ሰዎች ግን «የነፋስ ዐይን» ብለው ነበር የጠሩት። ነገሩ ቅኔ ይመስላል እንጂ እውነተኛ ኑሯቸው ነበር።

ዛሬ በኖርዌይ መስኮት «ቪንዱ» ይባላል። ቃሉን ወደ ኋላ እየተከተልን ብንሄድ፣ በጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ «ቪንዳውጋ» ሆኖ እናገኘዋለን። «ቪንድር» ነፋስ፣ «አውጋ» ዐይን ማለት ነው። ከዚያም አልፈን ብንሻገር፣ «ቪንድር» ነፋስን «ቬንቱስ» ከሚለው ከላቲን ቃል ጋራ የአንድ እናት ልጅ ሆኖ ይገኛል።

በዚያ ዘመን እሳቱ የሚነደው በቤቱ መካከል ነበር፤ መስኮቱም መስተዋት አልነበረውም። ስለዚህ ብርሃን በሚገባበት ቀዳዳ ነፋሱም አብሮ ይገባ ነበር።

ቃሉ ባሕርም ተሻግሯል። ቫይኪንጎች በ9ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር ሲሰፍሩ ቋንቋቸውን ይዘው ገቡ፤ የእንግሊዞች «ዊንዶው» ከዚሁ ከ«ቪንዳውጋ» የተወለደ ነው። ጀርመኖች ግን «ፌንስተር» የሚለውን ቃላቸውን ከላቲን ወሰዱ።

በገዛ አገሩ ግን ቃሉ ጉዳት ደረሰበት። ኖርዌይ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1814 ዓ.ም. ድረስ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ከዴንማርክ ጋራ በአንድ ዘውድ ሥር ስትኖር፣ የጽሕፈት ቋንቋዋ የዴንማርክ ሆነ። «ቪንዱ»ም የዴንማርኩን «ቪንዱዌ» ተከትሎ ሲጻፍ ዐይኑ ጠፋበት።

ኢቫር ኦሰን የተባለ የገበሬ ልጅ ከ1842 እስከ 1846 በየገጠሩ እየዞረ የባላገሩን አነጋገር ለቀመ፤ በ1850 መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። ከዚህ ድካም በተወለደው፣ ዛሬ «ኒኖርስክ» በሚባለው የጽሕፈት ቋንቋ መስኮት «ቪንዳውጌ» ነው፤ ዐይኑ እንደ ገና በራለት። በ1885 የአገሩ ምክር ቤት ይህን ቋንቋ ከሌላው ጋራ እኩል አደረገው።

ዛሬ መስተዋቱ ነፋሱን ከደጅ አስቀርቶታል፤ ስሙ ግን አሁንም ስለ ነፋሱ ይናገራል። አንባቢ ሆይ፤ «የባላገር አነጋገር ነው» ተብሎ የተናቀ ቃል ቢያጋጥምዎ፣ ከመጣልዎ በፊት ትርጉሙን ይጠይቁ። የአያቶችዎን ቤት በውስጡ ያገኙት ይሆናል።