ኢሉባቡርና ያልደረሰው ባቡር

ኢሉባቡር የሚለውን ስም መጀመሪያ ካርታ ላይ ያነበበ ልጅ «ባቡር አለ ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስሙ ግን የመጣው ከፈረስ ነው። ኢሉ አባ ቦራ ሲባል አባ ቦራ የፈረስ ስም ነው። አማርኛ ተናጋሪው አጠራሩን ሲያሳጥረው ባቡር ገባበት። በምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉት የኢሉባቡር ከተሞች መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ ዛሬም ሀዲድ አያውቁም።

«ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ መንገደኛ ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎት ማለት የሆነው «ቫፖር» በዓረብኛ በኩል ሲያልፍ «ባቡር» ሆኖ ደረሰን። በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ባቡር ተባለ፤ ሀዲድ ላይ ሲሄድ የምድር ባቡር፣ ውሃ ላይ ሲሄድ የባሕር ባቡር፣ እህል ሲፈጭ የወፍጮ ባቡር። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው መኪናም የሰርኪስ ባቡር ነበር። ይህን ልብ ካልን የኢሉባቡር ሰው ባቡር አላየም ማለት ያስቸግራል። ያየው የውሃውን ነው።

የምድሩም ቢሆን ተፈርሞለት ነበር። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ውል መስመሩን በሦስት ከፍሎታል፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። ከከፋ ደጋ ተነስቶ ወደ ነጭ ዓባይ የሚወርድ መንገድ በኢሉባቡር ወይም በአጠገቡ ማለፉ አይቀርም።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ወደ 310 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ቆመ። ውሉ ሐረር ቢልም ባቡሩ ወደ ሐረር አልወጣም፤ በቆመበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ለኢሉባቡር ትልቁ ትምህርት እዚህ ጋ ስላለ ትንሽ ልቆይበት።

የባቡር ጥቅሙ ብረት በብረት ላይ መንከባለሉ ነው። በለጥ ያለ ሜዳ 1 ቶን ጭነት በሀዲድ ላይ ለመሳብ የሚፈለገው ኃይል 2 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ ለማንሳት ከሚጠይቀው አይበልጥም። የጭነት መኪና ጎማ በአስፋልት ላይ ለዚያው ጭነት ከ6 እስከ 10 ኪሎ ይፈልጋል። መንገዱ በየ1000 ሜትሩ 20 ሜትር ሲወጣ ግን ለሁለቱም እኩል 20 ኪሎ ይጨመርባቸዋል። መኪናው ሸክሙ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ሲሆንበት ባቡሩ ላይ ከ10 እጥፍ ያልፋል። በዚያ ላይ ለስላሳው ብረት ዝናብ ሲነካው መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል፤ ነጂዎች በሀዲዱ ላይ አሸዋ የሚያፈሱት ለዚህ ነው። ባቡር ሜዳ ላይ ጎበዝ የሆነበት ምክንያት ራሱ ዳገት ላይ ያደክመዋል።

አሁን ወደ ጎሬ እንሂድ። ጎሬ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ 500 ሜትር አካባቢ። በየ1000 ሜትሩ 20 ሜትር ብቻ እየወረደ የሚሄድ ሀዲድ ይህን ልዩነት ለመጨረስ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ዕረፍት መውረድ አለበት። መሬቱ ግን እንዲህ አይተባበርም፤ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ቡሬ በኋላ በአጭር ርቀት ቁልቁል ይወርዳል። ሀዲዱ ተራራውን እየዞረ መርዘም ወይም መሿለኪያ መቆፈር ይኖርበታል። ጎሬ ደግሞ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት፣ ቀይ አፈሯ በክረምት የሚናድ አገር ናት።

ከዳገቱ ሌላ ፖለቲካውም ነበረ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ጉዳይ እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚሠራ ባቡር የእንግሊዝ ድርሻ እንዲሆን ተስማሙ። ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዩ ባቡር (ሸማንደፌር) በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ፣ 784 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ለገሃር ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ፈረንሳይ የማትሄድበት፣ እንግሊዝም ያልሠራችበት ምዕራብ ቀረ። በሌላ አገር ጠረጴዛ ላይ የተሰመረ መስመር የመቱን ሰው ይህን ያህል ዘመን በእግሩና በበቅሎው ማስቀረቱ እስካሁን ያሳዝነኛል።

እንግሊዝ የመረጠችው ውሃውን ነው። በ1894 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር ባደረገችው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ አገኘች፤ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ። የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር፤ ከካርቱም ደግሞ ባቡር ወደ ፖርት ሱዳን ይወርድ ነበር። ስለዚህ የጎሬ ቡና ባቡር ላይ የሚወጣው በሱዳን ነበር።

ይህ መስመር አንድ ከባድ እንከን ነበረበት። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ወራት ብቻ ነው፤ በበጋ ውሃው ጎድሎ አሸዋው ይወጣል። ቡና ግን የሚለቀመው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መርከቦቹ ሊሄዱ ሲሉ ወይም ከሄዱ ወዲያ ነው። ነጋዴው ቡናውን መንገዱ ሳይጨቀይ በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ቆላ አውርዶ፣ ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቅ ነበር። የዓመት ልፋት ወንዝ እስኪሞላ ይታሰር ነበር። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

በምሥራቅ በኩል በዚሁ ዘመን ተሳፋሪው ሌላ ሕይወት ነበረው። መጀመሪያ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ነበር፤ የአዋሹ ቡፌ የተወለደው ከዚህ አዳር ነው። ኋላ ሊቶሪና የተባለችው ፈጣን ባቡር መጣች። በየጣቢያው ሻጭ፣ አዳሪ፣ ጠጋኝ፣ ትኬት ቆራጭ እየተከማቸ ከተማ ሆነ። ጭነት ብቻ የሚያልፍበት ሀዲድ እንዲህ ያለ ከተማ አይወልድም፤ ሰው ወርዶ ሻይ የሚጠጣበት ነው የሚወልደው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ ይሠራል። ለምዕራብ ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ኤሌክትሪክ ባቡር ነዳጁን ተሸክሞ ዳገት አይወጣም፣ ቁልቁለት ላይም ሞተሩን እንደ ፍሬን ተጠቅሞ ኃይል መመለስ ይችላል። ወደ ጅማና ወደ በደሌ የሚዘልቅ መስመርም በዕቅድ ላይ ሰፍሮ ነበር። በደሌ የነቀምትና የጅማ መንገድ የሚገናኝባት ናት፤ ዛሬ ከመቱ መናኸሪያ በሌሊት የሚነሳው አውቶቡስ አዲስ አበባ የሚገባው በአንዱ ዞሮ ነው።

ከበደሌ ወደ መቱ የሚቀጥል መሐንዲስ የገባ ወንዝን ሸለቆ መሻገርና በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የያዮን የቡና ጫካ መጠንቀቅ ይኖርበታል። እኔ ብጠየቅ ሀዲዱ መጀመሪያ መቱ ላይ ይቁም እላለሁ። የቡሬን ቁልቁለት የሚደፍር ኋላ ይምጣ፤ ድሬዳዋም የተወለደችው ባቡሩ ዳገቱ ሥር ስለቆመ ነው።