የአይሮፕላን ነጂዎች ጤንነትና የመጠጥ ጠንቅ

አይሮፕላን ከመነሣቱ በፊት መካኒኮች ሞተሩን፥ ጎማውንና ክንፉን እየዞሩ ይመረምራሉ። የነጂውን አካልና አእምሮ ግን በየማለዳው እንዲህ ፈትሾ ማየት አይቻልም። ሐኪም የሚመረምረው በስድስት ወር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በመካከሉ የሚሆነውን የሚያውቀው ነጂው ራሱ ነው። እንግዲህ የመንገደኞች ደኅንነት ነጂው ሕመሙን ሳይሸሽግ በመናገሩ ላይ የተመሠረተ ነው።

የመጠጡን ነገር እንመልከት። በአሜሪካ ደንብ ነጂ አልኮል ከጠጣ በኋላ 8 ሰዓት ሳይሞላው እንዳይበር፥ በደሙም ያለው አልኮል ከመቶ 0.04 እጅ እንዳይደርስ ታዟል። ብዙ ሰው ስምንቱን ሰዓት ብቻ ይዞ ሁለተኛውን ይዘነጋል። ጉበት አልኮልን የሚያጠፋው በዝግታ፥ በሰዓት ከመቶ 0.015 እጅ ያህል ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ አያፋጥነውም። ስለዚህ ማታ እስከ 0.20 የደረሰ ሰው ከ8 ሰዓት እንቅልፍ በኋላ 0.08 ያህል በደሙ ይዞ ይነሣል፤ ይህም ከተወሰነው እጥፍ መሆኑ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ የኖርዝዌስት አየር መንገድ ሦስት የበረራ ሠራተኞች ሲጠጡ አምሽተው በማግሥቱ ከፋርጎ ወደ ሚኒያፖሊስ መንገደኞች ይዘው በረሩ። አይሮፕላኑ በደኅና አረፈ፤ ሦስቱ ግን ተይዘው በፍርድ ታሰሩ። ካፒቴኑ የሱስ በሽተኛ መሆኑን አምኖ ታከመ፤ ከእስራቱም ከወጣ በኋላ ፈቃዶቹን ሁሉ እንደ ጀማሪ ተፈትኖ አገኘ፥ ወደዚያው አየር መንገድ ተመልሶም እስከ ጡረታው በረረ። በ2001 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይቅርታ አደረጉለት።

እንዲህ ያለው ሰው ወደ ሥራው መመለሱ አንባቢን ያስደነግጥ ይሆናል። ነገር ግን መምህራን እንደሚያውቁት፥ ቅጣት ብቻ የሚጠብቀው ልጅ ጥፋቱን ይደብቃል። በአሜሪካ ከ1974 ጀምሮ ሂምስ በተባለው ዕቅድ የነጂዎች ማኅበር፥ አየር መንገዶችና የመንግሥት የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ይተባበራሉ። ሱስ የያዘው ነጂ ወዲያው ከበረራ ይታገዳል፤ ይታከማል፤ የአእምሮ ሐኪም መርምሮ ሲመሰክርለት ይመለሳል፤ ከዚያም ለዓመታት ሳይነገረው በድንገት እየተመረመረ ይሠራል። በዚህ መንገድ የተመለሱት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

የመሸሸግ ጉዳት በ2015 ታየ። ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ ይበር የነበረውን የጀርመንዊንግስ አይሮፕላን ረዳት ነጂው ሆን ብሎ በፈረንሳይ ተራራ ላይ ከሰከሰው፤ 150 ሰዎች ሞቱ። ሰውየው የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ ሐኪሞችም እንዳይሠራ የሚያዝዝ ወረቀት ሰጥተውት ነበር፤ እርሱ ግን ለአሠሪው አላሳየም። ሐኪሞቹ የበሽተኛን ምስጢር እንዲጠብቁ ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ለባለሥልጣን አልነገሩም። መርማሪዎቹ ካመለከቷቸው ምክንያቶች አንዱ የመብረር ፈቃዱንና ደመወዙን አጣለሁ ብሎ መፍራቱ ነው።

ከዚህ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ባወጣው ደንብ አየር መንገዶች ሁሉ ለነጂዎቻቸው የመረዳጃ አገልግሎት እንዲያቋቁሙ አዘዘ። በዚህ አገልግሎት የተጨነቀው ነጂ በመጀመሪያ የሚያነጋግረው አለቃውን ሳይሆን ለዚህ የሠለጠነ የሥራ ባልደረባውን ነው።