አበባዋን ተዉት፣ ሽንኩርቷን እዩ

ከስንዝር የማትበልጥ አይሪስ አለች፤ በረዶው ገና ሳያልቅ ብቅ ብላ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የምታብብ። ከአፈር በታች ያለው አካሏ ሽንኩርት ነው። ከዘመዶቿ በምን ትለያለች ብዬ ስመረምር መልሱን ያገኘሁት አበባዋ ላይ አይደለም፤ እዚያው ሽንኩርቷ ላይ ነው!

እስቲ ከአፈር አውጧት። ቅርፊቷ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሞላበትን መረብ ከረጢት ከመሰለ፣ ያቺ ትንሿ ሬቲኩላታ ናት። ቅጠሏን አግድም ቁረጡት፤ አራት ማዕዘን! አራት ማዕዘን ቅጠል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቅርፊቷ መረብ ሳይኖረው ከሥሩ ወፋፍራም ሥሮች ከተንጠለጠሉ ደግሞ ጁኖ ናት። ሥሮቹ ስንቋ ናቸው፤ ከተሰበሩ ትዳከማለች። ሥሯ ቀጭን፣ ቁመቷ ረጅም የሆነችው አበባ መሸጫ የምናያት የሆላንድ አይሪስ ናት።

አበባ እንደሚያታልል የገዛ ደጋችን ይመሰክራል። በኢትዮጵያ እርጥብ የደጋ መስክ ላይ የምትበቅለው ወይን ጠጇ ሞሪያ ሺምፐሪ ፍጹም አይሪስ ትመስላለች። ስሟ የተሰጣት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን ኖሮ ዕፅዋት በሰበሰበው በጀርመናዊው ሺምፐር ስም ነው። ከመሬት በታች ያለው አካሏ ግን ቢቆረጥ ድርብርብ የለውም፤ ውስጡ ድፍን ነው። ቤተሰቧ አንድ፣ ወገኗ ሌላ!

አሁን ወደ አል ማቃም፣ በኤምሬቶች አል አይን ከተማ ወዳለው ሰፈራችን። የሬቲኩላታ አገር ምሥራቅ ቱርክ፣ ካውካሰስና የኢራን ተራሮች ናቸው፤ ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ደረቅ። ደረቅ በጋ እዚህ አል አይን ሞልቶናል፤ የጎደለን ብርዱ ነው። መፍትሔውም ፍሪጅ! የሚገርመው፣ ከመተከሏ በፊት ደቃቋ አበባ ሽንኩርቷ ውስጥ ተሠርታ ተቀምጣለች። ወደ 3 ወር የሚጠጋ ብርድ ካላገኘች ግን ግንዷ በወጉ አይመዘዝም። ፍሪጅ ውስጥ ፖም አጠገቧ አታስቀምጡ፤ ከፍራፍሬው የሚወጣው ጋዝ አበባዋን ያጨናግፋል።

ከዚያ ውሃ በማያቁር፣ ጠጠርና አሸዋ በበዛበት አፈር ትከሏት። አበባዋ ሲረግፍ ቅጠሉ ይረዝማል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ሽንኩርት የሚመግበው እሱ ነውና አትቁረጡት። ሲደርቅ ውሃ አቁሙ፤ ሽንኩርቷም ከፀሐይ ርቃ በደረቅ ጥላ ታሳልፍ። ቢጫዋ ዘመዷ ዳንፎርዲዬ አንዴ አብባ ብዙ ጥቃቅን ሽንኩርት ሆና ትበታተናለች፤ እሷን ከ10 ሳንቲሜትር በላይ ጠለቅ አድርጓት።