ክረምቱ ሲወጣ የግቢ ሥራ

መስከረም ሲጠባ መጀመሪያ የማጸዳው የውኃ መውረጃውን ቦይ ነው። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ውኃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳል። ቦሌ ያለው የግቢዬ አፈር ጥቁር መረሬ ነው። እርጥቡን ከቆፈሩት ይጓጉላል፣ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይጠነክራል። ስለዚህ በእጄ ስጨብጠው እስኪፈረፈር ድረስ ዶማ አላነሣበትም።

ከጽጌረዳው የደረቀውን ቅርንጫፍ፣ ወደ ውጭ ከሚያይ እንቡጥ ትንሽ ከፍ አድርጌ በሰያፍ እቆርጣለሁ። ነጠብጣብ የያዘውን ቅጠል ኮምፖስት ውስጥ አልጨምርም፤ በሽታው ከማዳበሪያው ጋር ተመልሶ ይመጣል።

አደይ አበባን ግን እባካችሁ ከሣሩ ጋር አትጨዱት! በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ተክል ነው፤ ዘሩን ሳያራግፍ ከታጨደ ለከርሞ ምን ይበቅላል? እኔ አጥር ሥር ያለውን እስኪደርቅ እተወዋለሁ።

የታጨደውን ሣር አድርቄ፣ ግንዱን ሳይነካ፣ በአትክልቱ ዙሪያ አራት ጣት ያህል አነጥፋለሁ። የበጋው ፀሐይ ሲበረታ የአፈሩን እርጥበት የሚያቆየው እሱ ነው።