ባዮፊልም፦ ካልፈተጉት የማይለቅ

ወተት ያደረበትን የፕላስቲክ ጀሪካን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርገው ጣትዎን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ግድግዳው ያሟልጫል። ውሃው ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ዕቃውም ለዓይን ንጹሕ ነው። ጣት የሚነካው ግን በከፊል የወተቱ ስብ ነው። ጀሪካኑ በየቀኑ እንዲሁ እየተለቀለቀ ከሰነበተ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ይጨመርበታል፤ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው የሚሸፈኑበት ስስ፣ ዝልግልግ ሽፋን። ሳይንቲስቶች ባዮፊልም ይሉታል።

ስለ ምግብ ወለድ በሽታ ሲወራ ብዙዎቻችን የምንጠረጥረው ምግቡን ነው፤ ጥሬ ነበር፣ አድሮ ነበር፣ አልበሰለም ነበር እንላለን። ነገር ግን በደንብ የበሰለ ሥጋና የፈላ ወተትም ከእሳት ከወረዱ በኋላ በነካቸው ዕቃ ይበከላሉ። መክተፊያው፣ ቢላዋው፣ የወተት ማመላለሻው፣ የፋብሪካው ማሽን የበሽታ መነሻ ከሚሆኑባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሽፋን ነው።

አሰፋፈሩ

ነገሩ የሚጀምረው ባክቴሪያው ከመድረሱ በፊት ነው። ወተት፣ ደም ወይም መረቅ አንድን ዕቃ በነካ በሰከንዶች ውስጥ ፕሮቲንና ስብ በላዩ ላይ ይለጠፋሉ። ይህ በዓይን የማይታይ ንጣፍ ለሚመጡት ባክቴሪያዎች መቆናጠጫም ቀለብም ይሆናቸዋል። አንዳንዶቹ ጅራፍ በመሰለ ጭራቸው እየዋኙ ይደርሳሉ፤ ሌሎቹን ፈሳሹ ያመጣቸዋል። በመጀመሪያ አያያዛቸው ልል ነው። በዚህ ሰዓት ሳሙናና ሞቅ ያለ ውሃ በቀላሉ ጠርጎ ይወስዳቸዋል።

ጥቂት ሰዓታት ካገኙ ግን ይጸናሉ። ሳልሞኔላ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች አውጥቶ ዕቃውንም ጎረቤቶቹንም ይይዛል። በዚያ ላይ ሴሉሎስ ያመርታል፤ ጥጥ የተሠራበት ያው ሴሉሎስ ማለት ነው። ባክቴሪያዎቹ እየበዙ ሲሄዱ ወደ ውጭ በሚለቋቸው ኬሚካሎች አማካይነት መብዛታቸውን ይረዳሉ፤ ብዙዎቹ ዝርያዎችም በዚያ መልእክት ተመርተው አኗኗራቸውን ይለውጣሉ። ስኳር ነክ ሙጫ፣ ፕሮቲንና ከሞቱ ሴሎች የወጣ ዲኤንኤ ተደባልቀው ዙሪያቸውን ይሸፍናሉ። የጭቃ ቤት ግድግዳን ያስቡ፦ ባክቴሪያዎቹ ጭዱ ናቸው፣ ሙጫው ጭቃው ነው። በብዙ ባዮፊልሞች ውስጥ ከደረቅ ክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙጫው ነው።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽፋኑ ይጎለምሳል። በውስጡ ውሃና ምግብ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይኖሩታል። በመጨረሻ ከላዩ ቁራጭ ይገነጠላል፣ ወይም ነጠላ ባክቴሪያዎች ይለቃሉ። በዚያ ሰዓት በዕቃው ላይ የሚያልፈው ወተት ወይም ሥጋ ይዟቸው ይሄዳል።

ኬሚካል ለምን ያቅተዋል?

ይህን ጥያቄ ሳያውቀው የነካው የመጀመሪያው ሰው በሆላንድ የዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው። ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ቆሻሻ መርምሮ፣ በውስጡ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታት ማየቱን እ.ኤ.አ. በ1683 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። በኋላም አንድ ነገር አስተዋለ። ጥርሱን በኮምጣጤ ሲያጥብ የሞቱት ከቆሻሻው ውጫዊ ገጽ ላይ ያሉት ብቻ ነበሩ፤ ኮምጣጤው ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ በ1978፣ ተመራማሪው ቢል ኮስተርተንና ባልደረቦቹ በካናዳ ሆነው ባክቴሪያዎች በተፈጥሮ የሚኖሩት በአብዛኛው እንዲህ ተጣብቀውና ተሸፋፍነው መሆኑን አስረዱ።

ኬሚካል የሚያቅተው ከአንድ በላይ በሆነ ምክንያት ነው። ክሎሪን ካገኘው ቆሻሻ ሁሉ ጋር እየተዋሐደ ኃይሉ ያልቃል፤ ሙጫውን ሲያጠቃ ውሎ ወደ ውስጥ ሳይደርስ ይደክማል። በሥረኛው ንብርብር ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ምግብና ኦክስጅን ስለሚያጥራቸው እድገታቸውን ቀንሰው ይቀመጣሉ፤ በማደግ ላይ ያለን ሴል የሚመታ መድኃኒት እነሱን አያገኛቸውም። በተጨማሪም ዝርያዎች ይጠጋጋሉ፤ ራሱ ሰውን የማያሳምም ባክቴሪያ የሠራው ሙጫ አደገኛውን ያስጠልላል። በነዚህ ምክንያቶች በባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በፈሳሽ ውስጥ ከሚንሳፈፈው ወንድሙ እስከ 1,000 እጥፍ የሚበልጥ መድኃኒት ተቋቁሞ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ሊስቴሪያ፦ በፍሪጅ ውስጥ የሚያድገው

በምግብ ፋብሪካዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈሩት አንዱ ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ ነው። ብርድ ብዙዎቹን ጀርሞች ሲያቆማቸው እሱ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ፍሪጅ ውስጥ ቀስ እያለ ይራባል። ነፍሰ ጡሮችን፣ አራስ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎችን ለይቶ ያጠቃል። በጽኑ ከታመሙት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ 57 ሰዎች በዚህ ባክቴሪያ ታመው ከ20 በላይ ሞቱ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ምንጩ በቶሮንቶ የሚገኝ የሥጋ ፋብሪካ ነበር። ሥጋው በሚገባ ይበስላል፤ ባክቴሪያው የሚገባው ከበሰለ በኋላ፣ ስስ አድርጎ በሚቆርጠው ማሽን ላይ ነው። ማሽኖቹ ይጸዱ ነበር። የምርመራው ዋና ግምት ግን መፈተጊያ በማይደርስበት ጥልቅ የማሽኑ አካል ውስጥ የሥጋ ቅሪት ተጠራቅሞ፣ ባክቴሪያው በዚያ ተደላድሎ መኖሩ ነበር።

በአህጉራችን ደግሞ የባሰው ደረሰ። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ እስከ 2018 አጋማሽ 1,060 ሰዎች በሊስቴሪያ መታመማቸው ተረጋገጠ፤ 216 ሞቱ። ከታመሙት ብዙዎቹ አራስ ሕፃናት ነበሩ። መንግሥት በማርች 2018 ምንጩን ይፋ አደረገ፦ ፖሎኒ የተባለው፣ ሞርታዴላ መሰል ርካሽ ሥጋ ነው፤ ባክቴሪያው በምርቱም በፖሎክዋኔው ፋብሪካ ውስጥም ተገኝቷል።

በእኛ ዕቃዎች ላይ

ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። መያዣውን ይመልከቱት፤ ውስጡ ባዶ ነው። ወተት ሲቀዳ ወደዚያ ይገባል፣ ብሩሽ ግን አይገባም። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅም አይገባም። ፕላስቲኩ ሲጫጫር ደግሞ እያንዳንዱ ጭረት ስፋቱ ከአንድ ሺሕኛ ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ ባክቴሪያ ሰፊ ጉድጓድ ነው። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ለወተት የሚመረጠው እጅና ብሩሽ እስከ ታች ስለሚደርሱበት ነው። ጥሬ ሥጋ በምንበላበት አገር መክተፊያና ቢላዋም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ከእነሱ በኋላ ጀርሙን የሚገድል እሳት የለምና።

እናቶቻችን ጋን ወይም የወተት ቅል ሲያዘጋጁ መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ሽክሽክ አድርገው ይፈትጉታል፣ ያለቀልቁታል፣ ከዚያ በወይራ ያጥኑታል። የወይራ ጭስ የባክቴሪያን እድገት ያዘገያል። ሙያው ያለው ግን በቅደም ተከተሉ ነው፤ ጭሱ የሚያገኘው የታሸ ዕቃ ነው። የዘመኑ ፋብሪካም የሚከተለው ይህንኑ ሥርዓት ነው፤ በቅድሚያ ቅሪቱን ማውጣት፣ በሳሙና ወይም በአልካሊ ሙጫውን ማላቀቅ፣ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻ ጀርም መግደያ።

በቤትም እንዲህ ያድርጉ። ቅሪቱ ሳይደርቅበት ዕቃውን ቶሎ ይጠቡት። በሞቀ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ይፈትጉት፤ ክዳኑን፣ የላስቲክ ቀለበቱንና የቢላዋውን እጀታ መገጣጠሚያ አይርሱ። ፕላስቲክን በሽቦ አይፈትጉ፤ ይጫጫራል። በደንብ ካለቀለቁ በኋላ በረኪና ይጠቀሙ፦ 5 በመቶ ክሎሪን ካለው፣ ለ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር ፈጽሞ አያቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ዕቃውን ደፍተው ያድርቁት፤ ባዮፊልም ያለ እርጥበት አያድግም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጁንም በየጊዜው ቀቅለው ያድርቁ፣ ሲያረጅም ይጣሉት። የተሰነጠቀ መክተፊያ ይቀየር።

ወተት ለምትሰበስቡ፣ ሥጋ ቤት ለከፈታችሁ፣ ምግብ ለብዙ ሰው ለምታቀርቡ ወገኖቻችን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። ዕቃ ስትገዙ ከዋጋው በፊት እጃችሁ እስከ ውስጡ መድረሱን እዩ፤ ማሽን ስትገዙም እስከ መጨረሻው ብሎን የሚፈታ መሆኑን ጠይቁ። ልትፈትጉት የማትችሉትን ዕቃ ልታጸዱት አትችሉም።