የአሮጌ ፒካፕ ካርቡራተር ታጥቦ ሲመለስ፦ በየትኛው ቅደም ተከተል?

ከማኅበራችን አባላት መካከል የአባቱን ወይም የአጎቱን አሮጌ መኪና የሚነዳ ብዙ ነው። ኦቴሎ ባለው ቤታችንም እ.ኤ.አ. የ1987 ቶዮታ ፒካፕ አለ፤ ሞተሩ 22አር ይባላል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውም በኮምፒውተር ሳይሆን በካርቡራተር ነው። ባለፈው ክረምት ከአባቴ ጋር ፈተን፣ አጥበን፣ ከጥገና ኪት የወጡ አዳዲስ ዕቃዎች አስገብተን መልሰን ገጠምነው። መፍታቱን ማንም ይፈታል፤ ሥራው ያለው መመለሱ ላይ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ መመለሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቃላቱ። አባቴ «ጓርኒሲዮኑን አምጪ» ሲለኝ እዚህ ሱቅ ገብቼ የምጠይቀው ጋስኬት ብዬ ነው። ካቻቢቴ ስክሩድራይቨር፣ ካንዴላ ስፓርክ ፕላግ፣ ቡሎን ቦልት፣ ዳዶ ነት፣ ኮፋኖ ደግሞ የሞተሩ ክዳን ነው። የአገራችን ጋራዥ ቋንቋ ብዙው ከጣሊያንኛ የመጣ ስለሆነ አባት በአማርኛ ሲያዝ ልጅ ግራ ቢጋባ አይገርምም።

እንዴት ይሠራል?

ሞተሩ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። አየሩ በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ያ የግፊት ልዩነት ቤንዚኑን ከማጠራቀሚያው ስቦ ያወጣዋል። ነርሲንግ የምትማሩ ቬንቹሪ ማስክን አስታውሱ፤ ሐሳቡ የቅርብ ዘመድ ነው። እዚያ በጠባብ ቀዳዳ የሚወጣው ኦክስጅን የክፍሉን አየር ይስባል፣ እዚህ ደግሞ አየሩ ቤንዚን ይስባል። በሁለቱም ቦታ ድብልቁን የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል በክብደት ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል።

ውስጡን መመለስ

1. ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። ስትፈቱ ያነሳችሁትን ፎቶ አጠገባችሁ አድርጉ። ትንንሾቹን ቀዳዳዎች በሽቦ አትጎርጉሩ፤ በታመቀ አየር ብቻ ንፉ። ሽቦ ቀዳዳውን ካሰፋው ልኬቱ ጠፋ ማለት ነው።

2. የነሐሶቹን ትንንሽ የነዳጅ መለኪያዎች በየቦታቸው መልሱ። ካርቡራተሩ ሁለት ጉሮሮ አለው፤ አንደኛው ሁልጊዜ ይሠራል፣ ሁለተኛው ፔዳሉ ጠለቅ ብሎ ሲረገጥ ይከፈታል። የአንደኛው መለኪያ ቀዳዳ ከሁለተኛው ይጠባል። ከተቀያየሩ መኪናው ጥቁር ጭስ እያጨሰ ቤንዚን ይጠጣል፤ ስለዚህ የተጻፈባቸውን ቁጥር አንብቡ።

3. ፔዳል ሲረገጥ ቤንዚን የሚረጨው ትንሽ ፓምፕ ሥር የብረት ኳስ አለች። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ከጠፋች ግን መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ያንገራግራል።

4. ተንሳፋፊውንና መርፌውን ግጠሙ። ይህ ክፍል ጣሪያ ላይ እንዳለው ሮቶ ነው፦ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ መግቢያውን ይዘጋል። ክዳኑን ገልብጡና ንጹሕ ቱቦ በነዳጅ መግቢያው ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉ፤ አየር ማለፍ የለበትም። ቀጥ አድርጋችሁ ስትይዙት ደግሞ ማለፍ አለበት። የተንሳፋፊውን ከፍታ ከኪቱ ጋር በመጣው ወረቀት መሠረት ለኩ። መርፌው ካልዘጋ ቤንዚን በሚሞቅ ሞተር ላይ ይፈሳል፤ ያ እሳት ነው።

5. የድብልቅ ማስተካከያዋን ብሎን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ከዚያ ስትፈቱ የቆጠራችሁትን ያህል ዙር መልሱ። አጥብቃችሁ ካሠራችኋት ጫፏ ይበላሻል።

ሞተሩ ላይ መግጠም

ካርቡራተሩ በተነሣበት ጊዜ ምንም ነገር ወደ ሞተሩ እንዳይገባ መግቢያው ላይ ጨርቅ ይደረጋል። ጨርቁን ቁጠሩት። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ጋዙ ከመጀመሩ በፊትና ከመዘጋቱ በፊት የሚቆጠረው በዚሁ ምክንያት ነው። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ሙሉ በሙሉ ፋቁ፤ ሙቀት የሚከላከለውን ውፍረት ያለውን ክፍል ከላይም ከታችም በአዲስ ጓርኒሲዮን መካከል አስቀምጡ።

አራቱን ዳዶዎች መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ በመስቀል ቅርጽ በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። አንዱን ጥግ ብቻ ካጠበቃችሁ ለስላሳው ብረት ይጣመምና በሥሩ አየር ይገባል። የአየር ቱቦዎቹን ኮፋኖው ሥር ባለው ሥዕል መሠረት መልሱ፤ የደረቀ ጎማ ካለ አሁን ቀይሩ። እዚህ የሚሸጠው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ስላለው ለአሮጌ ጎማ ጥሩ አይደለም።

ቀጥሎ ሞተሩ ሳይነሣ ፔዳሉን ረግጣችሁ ልቀቁ። ቢራቢሮ ክዳኑ ያለ ምንም መያዝ ቀጭ ብሎ መዘጋት አለበት። የመመለሻው ስፕሪንግ ካልተገጠመ ወይም ገመዱ ከያዘ መኪናው እግራችሁን ብታነሡም መሮጡን አያቆምም። ይህን ሳታረጋግጡ ቁልፍ አታዙሩ።

መጀመሪያ ሲነሣ

እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። ሞተሩን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ እያዞራችሁ ማጠራቀሚያው እስኪሞላ ጠብቁ፤ በ22አር ካርቡራተር ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት የቤንዚኑን ከፍታ ታሳያለች። ሲነሣ ዙሪያውን ተመልከቱ፦ የሚንጠባጠብ ካለ ወዲያው አጥፉ። ሞተሩ ከሞቀና ቾኩ ከተከፈተ በኋላ ብቻ ዙሩንና ድብልቁን አስተካክሉ።

አዲስ አበባ ያለው አጎቴ በስልክ ሲመራን የነገረን ሁሉ ልክ ነበር፤ አንድ ነገር ግን እዚህ ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከሲያትል ሩብ ያህል ያንሳል። በዚያ ስስ አየር አንድ ዓይነት ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ስለዚህ እዚያ የሚመረጠው መለኪያ ጠበብ ያለው ነው። ያንኑ እዚህ ብናደርግ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም ይሞቃል። ፍርዱን ለካንዴላው ተዉት፦ ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ?

ዋሽንግተን ግዛት የመኪና ጭስ ምርመራውን እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ አቁሟል። ስለዚህ ካርቡራተራችሁ ቤንዚን ሲያበዛ ማንም አይነግራችሁም። ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያበዛል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ሁለቱን ስለማይለይ ሰውየው እየታፈነ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ዝናቡን ለመሸሽ ብላችሁ ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ፣ ሞተር አታስነሡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከጀመራችሁ ውጡና 911 ደውሉ።

ያጠባችሁበትን ቤንዚንና ኬሚካል ደግሞ መንገድ ዳር ባለው የዝናብ ውሃ መውረጃ አትድፉ፤ ከተማው ውስጥ የቤት አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበሉ ጣቢያዎች አሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መልሳችሁ ፈትሹ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ስለሚተኛ ጥቂት ይላላሉ።